ማስቶዶን ላይ ወፍ ወዳዶቹ የት ገቡ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ሀዋሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየወጣሁ ወፍ አያለሁ። ያየሁትን ወፍ ስም በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በላቲን ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው ግን የለኝም። በለመድኩት ማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ወፍ ስጽፍ ከሥር የሚመጣው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጄ «ያንተ ዓይነት ሰው እዚያ ሞልቷል» ብሎ ማስቶዶን የሚባል ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አካውንት ከፈተልኝ። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ዘጠኝ ተከታይ አለኝ፤ ሦስቱ የልጄ ጓደኞች ናቸው። የጻፍኩትን የሚያነብ የለም፤ እኔም የማነበው የለኝም። ያጠፋሁት ነገር አለ? ወይስ ልጄ ያለኝ ሰው ሁሉ የት ገባ?

ምላሽ፦ መምህር፣ ምንም አላጠፉም። ልጅዎም አልዋሸዎትም። ወፍ ለማየት ሲሉ በሌሊት ተነስተው ጭቃ የሚረግጡ፣ ያዩትን ሳይጽፉ የማያድሩ ሰዎች እዚያ አሉ፤ ብዙ ናቸው። ግን እርስዎ ካሉበት ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ገና አልተከፈተም። መንገዱን የሚከፍቱት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ይሄን ማንም አልነገረዎትም፤ ለእኔም ማንም አልነገረኝም ነበር።

እስከዛሬ የለመዱት ዓይነት ማኅበራዊ ሚዲያ ደላላ አለው። አልጎሪዝም የሚሉት እሱን ነው። ገና እግርዎ እንደገባ «ይሄን ሰው ያውቁታል? ይሄንንስ አይተውታል?» እያለ ይጎትትዎታል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው እርስዎ ብዙ ቆይተው ብዙ ማስታወቂያ ሲያዩለት ነው። ሰውን ደግሞ እንደ ጭቅጭቅ አስሮ የሚያቆይ ነገር የለም። ስለዚህ ስለ ወፍ ጽፈው ከሥሩ ፖለቲካ ቢመጣብዎ አይግረምዎ፤ ደላላው ሥራውን እየሠራ ነው።

ማስቶዶን ላይ ይሄ ደላላ የለም። የቤት ገጽዎ ላይ የሚያዩት የተከተሉት ሰው የጻፈውን ነው፤ ያውም በሰዓቱ ቅደም ተከተል፣ አዲሱ ከላይ። ማንንም ካልተከተሉ ገጹ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ ብልሽት አይደለም። አዲስ ቤት ገብተው ገና ዕቃ አላስገቡም ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ስለ አሠራሩ። ታገሱኝ፣ ይሄን ካላወቁ ቀሪው አይገባዎትም። ማስቶዶን አንድ ድርጅት ቁልፉን የያዘው አንድ ሕንፃ አይደለም። የሺዎች ሰርቨር፣ ማለትም የአባላቱን ጽሑፍና ፎቶ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር፣ ስብስብ ነው። እያንዳንዱን ሰርቨር እንደ እድር ይቁጠሩት። የራሱ አባላት፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ አለው። አንዱ እድር ሃያ አባል አለው፤ ሌላው በመቶ ሺዎች። እድሮቹ ግን እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። የሚጻጻፉበት ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ተቋም በጃንዋሪ 2018 ነው ያጸደቀው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማስቶዶን ራሱ ከዚያ ይቀድማል። ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመን የሚኖር ወጣት ፕሮግራመር በ2016 ለሕዝብ ለቀቀው። ብዙ ሰው ስሙን የሰማው ግን በኦክቶበር 2022፣ ኢሎን መስክ ትዊተርን ገዝቶ ሕዝቡ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ነው። ልጅዎም ያኔ ከወጡት አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እርስዎ ችግር እንምጣ። ዛሬ ጠዋት ዓሣ የነጠቀ ንስር ፎቶ ለጠፉ እንበል። ጽሑፍዎ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ የራስዎ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ተከታዮችዎ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች ይላካል። አለቀ። ዘጠኝ ተከታይ አለዎት። ሦስቱ የልጅዎ ጓደኞች አንድ ሰርቨር ላይ ናቸው ብንል፣ ንስሩ ቢበዛ ሰባት ሌላ እድር ደርሷል። ኖርዌይ ተቀምጦ የወፍ ሃሽታግ (# ምልክት ያለበት መፈለጊያ ቃል) በየቀኑ የሚያይ ሰው ፎቶዎን አላየውም። አይቶ አልናቀዎትም። ሰርቨሩ ላይ አልደረሰለትም።

በግልባጩም እንደዚያው ነው። የእርስዎ ሰርቨር በአብዛኛው የሚያውቀው አባላቱ የሚከተሏቸውን ሰዎች ነው። ሪሌይ የሚባል ማከፋፈያ ያገናኙ ሰርቨሮች ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ያያሉ፤ ሁሉም ግን አላገናኘም። ስለዚህ የወፍ ሃሽታግ ፈልገው ሦስት ጽሑፍ ብቻ ሲያገኙ «ስለ ወፍ የሚጽፍ ሰው የለም» ማለት አይደለም። «እኛ እድር ውስጥ ወፍ ወዳድን የሚከተል አባል የለም» ማለት ነው።

ይሄን በዓይንዎ ይዩት። ልጅዎ ማስቶዶን ዶት ሶሻል የሚባለውን ትልቁን ሰርቨር ከፍቶ የእንግሊዝኛውን የወፍ ሃሽታግ ገጽ ሊንክ ይላክልዎ። ከራስዎ ሰርቨር ተመሳሳይ ገጽ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩት። አንዱ ገበያ ነው፤ ሌላው የእሑድ ከሰዓት ቀበሌ ቢሮ።

እዚያ ገበያ ውስጥ ጽሑፉ የጣመዎትን ሰው ሲያገኙ አድራሻውን ኮፒ አድርገው በራስዎ ሰርቨር መፈለጊያ ውስጥ ያስገቡት። ይመጣል። ይከተሉት። ፕሮፋይሉ ባዶ ወይም ሁለት ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ቢታይዎ አይደንግጡ፤ የድሮው ጽሑፍ እርስዎ ጋ አይመጣም፤ ከዛሬ በኋላ የሚጽፈው ነው የሚደርስዎ። እንዲህ እያሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ ሰው ይከተሉ። ሃምሳ ብዙ ይመስላል። አይደለም። ግማሹ በወር አንዴ ነው የሚጽፈው። ካልተመቸዎት ደግሞ መተው ነው፤ መከተል ዕዳ የለበትም። እርስዎ አንድ ሰው በተከተሉ ቁጥር ሰርቨርዎ አንድ አዲስ መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው መንገድ ሌላውም የእድርዎ አባል ይጠቀማል።

ሰው ብቻ አይደለም፣ ሃሽታግንም መከተል ይቻላል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሃሽታጉን ሲነኩ ከላይ የመከተያ ቁልፍ ይመጣል። በእንግሊዝኛ በርድስ፣ በርዲንግ፣ በርድስ ኦፍ ማስቶዶን የሚሉትን ይጀምሩ። ከዚያ ወደ ጎን ይሂዱ። ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው በወፍ ብቻ አይወሰንም መቼም። ድንጋይና ግንድ ላይ የምትነጠፈዋን አረንጓዴ ተክል፣ ሞስ የሚሏትን፣ ፎቶ እያነሱ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። ሃሽታጋቸው ሞስና ማስቶዶንን አዳቅሎ «ሞስቶዶን» ይላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ወፍራም የዛፍ ግንድ ብቻ የሚለጥፉ አሉ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጀርመኖቹ መስኮት ያነሳሉ፤ አዎ፣ ተራ የቤት መስኮት። መጀመሪያ ሳየው «ሥራ ፈቶች» ብዬ ነበር። አሁን ዓርብን የምጠብቅ እኔ ነኝ።

የእኛን ፊደል በተመለከተ ግን አንድ ጣጣ አለ። በፈረንጅኛ የተጻፉ መመሪያዎች አይነግሩዎትም፤ አያውቁትማ። በራስዎ ከተማ ስም ላሳይዎት። አንዱ #ሀዋሳ ብሎ ይጽፋል። ሌላው #ሐዋሳ ይላል። ሦስተኛው #ሃዋሳ። የድሮው ስም የለመደበት ደግሞ #አዋሳ። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት። የአንዱን ገጽ የከፈተ የሌላውን አያይም። «ዓሣ» ላይም ያው ነው፤ «አሳ» ብሎ የጻፈና «ዓሣ» ብሎ የጻፈ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አይገናኙም።

በዚህ ላይ መስተዋድዳችን ከቃሉ ጋር ይጣበቃል። ዓረፍተ ነገር መሀል #በሀዋሳ ብለው ከጻፉ አምስተኛ ከተማ ፈጠሩ። ስለዚህ ሃሽታጉን ከጽሑፉ መጨረሻ ለብቻው፣ ቃሉን ባዶውን ያስቀምጡት። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ቃል ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ቦታ አይፈጅም። ሁለት ቃል ሲሆን ደግሞ በክፍተት አይለያዩት፤ #የወፍ ስም ብለው ሲጽፉ ሃሽታግ የሚሆነው «የወፍ» ብቻ ነው። በመሀሉ የታችኛዋን ሰረዝ ያስገቡ፦ #የወፍ_ስም። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የእያንዳንዱን ቃል መነሻ በትልቁ ፊደል ያድርጉት፤ ማያ ገጽ በድምፅ የሚያነብላቸው ዓይነ ስውራን ቃላቱ ተለይተው እንዲሰሟቸው ነው። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን የእኛን ሥራ ያቺ ሰረዝ ትሠራለች።

ሦስት ቅንብሮችንም ይፈትሹ፤ አንዴ ካስተካከሏቸው ይረሷቸዋል። መጻፊያው ሳጥን ሥር ቋንቋ የሚመረጥበት አለ፤ በአማርኛ ሲጽፉ አማርኛን ይምረጡ። እንግሊዝኛ እንዳለ ከተዉት አማርኛ ብቻ አጣርቶ የሚያይ ሰው አያገኝዎትም። ሁለተኛ፣ የጽሑፍዎ ታይነት «ፐብሊክ» ይሁን። ጸጥ ያለው ምርጫ ላይ ካለ ሃሽታግ ገጽ ውስጥ አይገባም፤ አንዳንድ ጠንቃቃ ልጅ ለወላጁ አካውንት ሲከፍት እዚያ ላይ ትቶት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከፕሮፋይልዎ ቅንብር ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሪች» የሚለውን ይክፈቱና ፕሮፋይልዎ ለሰው እንዲጠቆም፣ ጽሑፍዎም በፍለጋ እንዲገኝ የሚፈቅዱትን ሁለቱን ያብሩ።

አሁን ስለሚጽፉት ነገር። የመጀመሪያው ጽሑፍዎ ራስን ማስተዋወቂያ ይሁን፤ ኢንትሮዳክሽን የሚል የታወቀ ሃሽታግ አለው። ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚያዩ፣ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። ከፕሮፋይልዎ አናት ላይ ይሰኩት። በተለመደው ቅንብር 500 ፊደል ይፈቀድልዎታል። ፈረንጆቹ ይጠባቸዋል። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ በ500 ፊደል ብዙ ማውራት እንችላለን። ይሄ ደግሞ ፊደላችን ያደላልን አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍዎ አባ ኮዳ ይሁን። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ በየቀኑ የሚያዩት ስለሆነ ለእርስዎ ተራ ነገር ሊመስልዎ ይችላል። ለፊንላንድ ሰው ግን ዓሣ ገበያ መሀል ከሰው እኩል ተሰልፎ የሚጠብቅ፣ ራሰ በራ፣ ወገብ የሚያልፍ ወፍ ተአምር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«አባ ኮዳ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አሞራ ገደል። ሰባት ነበሩ። ዓሣ አጽጂዎቹ አንጀቱን እስኪጥሉላቸው ዝም ብለው ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ተራውን ሊያልፍ ሲል ጎረቤቱ በምንቁሩ መታው። በላቲን የዝርያ ስሙ ክሩሜኒፈር ነው፤ የገንዘብ ቦርሳ ተሸካሚ ማለት ነው። እኛ ኮዳ ያልነውን እነሱ ቦርሳ አሉት። በእናንተ ቋንቋ ይሄ ወፍ ማን ይባላል?»

ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ ወይም ሁለት መስመር፤ የተማሪ እንግሊዝኛ ይበቃል። ከዚያ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉት። የወፍ ሰው የትም አገር ይሁን የሚግባባበት ስም እሱ ነው፤ ለእርስዎ ይሄን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በመጨረሻ ሃሽታጎቹ።

ፎቶው ላይ ደግሞ መግለጫ ይጨምሩ። ፎቶውን ሲያስገቡ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ ይሰጥዎታል፤ እስከ 1500 ፊደል ይይዛል። «ወፍ» ብቻ ብለው አይለፉት። ለማያይ ሰው እንደሚነግሩት ይጻፉት፦ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ሮዝ ከረጢት፣ ጥቁሩ ጀርባ፣ ከኋላው የተደረደሩት ጀልባዎች። እዚያ አካባቢ ይሄ ትልቅ ባህል ነው። መግለጫ የሌለው ፎቶ ምንም ቢያምር አላጋራም የሚሉ ብዙ አሉ። መምህር ለነበረ ሰው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ሰሌዳ ላይ ያልሳሉትን በቃል ሲያስረዱ ኖረዋል።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ አይዝለሏት። ቆንጆ ፎቶ ያየ ሰው ኮከቧን፣ የመውደጃዋን ምልክት፣ ነክቶ ያልፋል። ማስቶዶን ላይ ኮከብ ከጸሐፊው ልብ ውጭ የትም አይደርስም። ጽሑፍዎን ወደ ሌላ እድር ተሸክሞ የሚሄደው «ቡስት» ነው፤ ሁለት ቀስት ያለባት ምልክት። ለእርስዎም እንደዚያው፦ የወደዱትን ኮከብ ብቻ ሰጥተው አይለፉ፤ ቡስት ያድርጉት። ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ግን መልስ ይሰጣል። በመልሱ ውስጥ ነው ሰው የሚገኘው። አስቡት፣ ዓረብኛ የሚናገር ሰው ጽሑፍዎን አይቶ «እኛ አቡ ሱዕን እንለዋለን» ቢልዎት። ሱዕን ትንሽ የቆዳ ውሃ መያዣ ናት። አባ ኮዳ! ቃል በቃል ያው። እንዲህ ያለ መልስ አግኝቶ ያን ሌሊት የሚተኛ ወፍ ወዳድ አለ?

ከመጻፍ በላይ የሚሠራው ግን ለሌላው መመለስ ነው። ይሄን ከራሴ ልንገርዎ። የእኔ ሱስ የድሮ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ሲገዛም ሲጠገንም ማንም የማይረዳኝ ነገር ነው፤ ባለቤቴ «ብረታ ብረትህ» ነው የምትለው። አምስት ወር ሙሉ ፎቶ ለጠፍኩ። መልስ የሚሰጥ የለም። አንድ ማታ ግን አንድ የማላውቀው ሰው ከአሮጌ ዕቃ መደብር የገዛውን የጽሕፈት መኪና ፎቶ አንስቶ «የየት አገር ፊደል ነው?» ብሎ ጠየቀ። የኛ ነበር። መለስኩለት። የመኪናው ቁልፎች ለፊደላችን ብዛት ስለማይበቁ ፊደሉ በቁርጥራጭ እየተቀጣጠለ እንደሚታተም ጻፍኩለት። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት የ«ሁ» ቅጥያ አወራን። የእሱ ተከታዮች ውይይቱን አይተው መጡ። አምስት ወር ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ ያላገኘሁትን በሦስት ቀን አገኘሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ይገባዎታል። ለአንድ ሰው ሲመልሱ መልስዎ በቀጥታ ወደ እሱ ሰርቨር ይሄዳል። ያልተከፈተ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ሲመልሱ «ዋው፣ ያምራል» አይበሉ፤ ያ ከኮከብ አይሻልም። አንድ ነገር ይጨምሩ ወይም ይጠይቁ። እርስዎ ደግሞ ሌላው የሌለው ነገር አለዎት። የአውሮፓ ወፍ ክረምቱን የሚያሳልፈው የት ሆነና! ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሳው ነጩ ሽመላ በእስራኤል ሰማይ አድርጎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ነው የሚወርደው። ያቺ ጅራቷን የምታወዛውዘው ቢጫ ወፍ፣ የሎ ዋግቴል፣ በጥር ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሞልታለች። በሚያዝያ አንድ ፖላንዳዊ «ዛሬ የመጀመሪያዋን አየሁ» ብሎ ይለጥፋል። እርስዎ ደብተርዎን ገልጠው «እኔ ጋ የመጨረሻዋን ያየሁት እንዲህ ባለ ቀን ነው» ሲሉት ምን እንደሚሰማው ያስቡት። ወፏ ስድስት ወር የት እንደምትጠፋ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ የኖረ ሰው ነው።

ሰርቨር ልቀይር ወይ ብለው ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። አሁን አይቀይሩ። ለሒሳብ ሰዎች ማትስቶዶን፣ ለሥነ ፈለክ ሰዎች አስትሮዶን እየተባለ በፍላጎት የተሰባሰቡ ሰርቨሮች አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ቋንቋዎን ሲናገር ደስ ይላል። ግን መጀመሪያ ከላይ ያልኩትን ሁለት ወር ይሥሩ። ሲቀይሩ ተከታዮችዎ አብረው ይሄዳሉ፤ የጻፉት ጽሑፍ ግን የድሮው ቤት ይቀራል። እስከዚያው ሰርቨርዎን ማን እንደሚከፍልለት ልጅዎን ይጠይቁት። ትንሽ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ኪስ ነው። ኪሱ ሲሳሳ ወይ ሰውየው ሲሰለቸው ይዘጋል። ስለዚህ ፎቶዎን እዚያ ብቻ አያስቀምጡ፤ ደብተሩንማ አልነግርዎትም።

አሁን የማይጥምዎትን ልንገርዎ። አማርኛ ተናጋሪ እዚያ ጥቂት ነው። የእኛ ሰው ቴሌግራም ላይ ነው። በአማርኛ ስለ ወፍ የሚያወራዎትን ሰው ከፈለጉ ማስቶዶን ላይ ቁጭ ብለው አይጠብቁት። ከ1966 ጀምሮ ያለውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ይጠይቁ፤ የወፍ ሰዎች ቤት እሱ ነው። ከአካባቢዎ አስጎብኚዎች ጋር ይተዋወቁ፤ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር ወፍ አሳይተው የሚኖሩ ሰዎች ጆሮም ዓይንም አላቸው። ቴሌግራም ላይ የአሥር ሰው ቡድን ከፍተው ማስቶዶን ላይ የሰሙትን እዚያ ቢተረጉሙ፣ እዚያ የሰሙትን ስም ደግሞ ወደ ማስቶዶን ቢያወጡ፣ ድልድዩ እርስዎ ሆኑ ማለት ነው። ከማስቶዶን ቁጥር አይጠብቁ። ሰባት የሚመልስልዎ ሰው ካገኙ ብዙ አግኝተዋል።

ብሉስካይ ስለሚባለው ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያም ሊሰሙ ይችላሉ። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ያለ ግብዣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚሠራው በሌላ ቋንቋ፣ ኤቲ ፕሮቶኮል በሚሉት ነው። ለጀማሪ ይቀላል። አንድ ወፍ ወዳድ ያዘጋጀውን «ስታርተር ፓክ» የሚባል የሰዎች ዝርዝር አንዴ ነክተው እስከ 150 ሰው ሊከተሉ ይችላሉ። ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸው የወፍ ብቻ ገጾችም አሉ። እዚያ ደላላ አለ፤ ግን ደላላውን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ማስቶዶንን ትተው ይሂዱ አልልም። ብሪጂ ፌድ የሚባል ድልድይ ስላለ በማስቶዶን አካውንትዎ ሆነው ድልድዩን የፈቀዱ የብሉስካይ ሰዎችን መከተል ይችላሉ። ፎቶ ብቻ የሚለጠፍበት ፒክስልፌድ ደግሞ ከማስቶዶን ጋር አንድ ቋንቋ ስለሚናገር ድልድይም አያስፈልገውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። ማስቶዶን ላይ በግል የሚጻጻፉት መልእክት የታሸገ ፖስታ አይደለም። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከፈለገ ሊያየው ይችላል። የባንክ ቁጥርዎንና የቤት ጉዳይዎን እዚያ አይጻፉ። ሌላው፣ ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ሲያገኙ፣ በተለይ ጉጉት ወይም ንስር ከሆነ፣ ቦታውን አይናገሩ። «ሀዋሳ አካባቢ» ይበቃል። ፎቶ አንሺ ሲሰበሰብባት እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ ወፍ አለች፤ ይሄን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ፖለቲካው ተከትሎዎት ከመጣ ደግሞ ማጣሪያ አለ፤ ማየት የማይፈልጓቸውን ቃላት ይጻፉበት፣ ይሰውርልዎታል። ሰው ካስቸገረዎት ብሎክ፤ ከባሰ ለእድሩ ዳኛ ማመልከት ነው።

በሉ ነገ ጠዋት አሞራ ገደል ይውረዱ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሲዳምኛውንም እመዝግባለሁ ብለው አንድም ስም ሳይነግሩን ነው የጨረሱት። አባ ኮዳን ሲዳሞች ማን ይሉታል? እዚያም ከረጢት አለችበት?